ልጄን ስካውት ላስገባት ወይስ ይቅርባት?

እህቴ፣ የ11 ዓመት ልጅሽ ዓይን አፋር እንደሆነች ጽፈሽ፣ «ስካውት ከዩኒፎርምና ገመድ ከመቋጠር ሌላ ምን ይሰጣታል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ለዓመታት ቡድን ስመራ ስለቆየሁ ያየሁትን ላካፍልሽ።

ይጠቅማታል። ግን የሚጠቅማት፣ ቡድኑ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሠሩ የሚተዋቸው ከሆነ ነው።

ነገሩ ከመነሻውም እንዲህ ነበር። የስካውት እንቅስቃሴ መሥራች ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዟ ብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያዘጋጅ፣ 20 ገደማ ልጆችን በአራት ቦታ ከፍሎ ለየክፍሉ ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾመ። ፓትሮል የሚባለው ይህ ትንሽ ክፍል ነው። ዛሬም ስድስት፣ ሰባት ልጆች አብረው ያበስላሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ዓይን አፋር ልጅ ሠላሳ ሰው ፊት ተናገሪ ቢሏት ትሸማቀቃለች። በስድስት ልጆች መሃል ግን የውሃው ኃላፊ እሷ ትሆናለች። እሷ ካላመጣች እራት የለም። ስለዚህ «ጀሪካኑ ከበደኝ፣ ማን ያግዘኛል?» ማለቷ አይቀርም። ብዙ ዝምተኛ ልጆች አፋቸውን ሲፈቱ ያየሁት እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ነው።

ቋጠሮውንም ቢሆን አትናቂው። ቦውላይን የሚባለው ቋጠሮ ገመዱ ሲሳብ የማይጠብቅ ቀለበት ይሠራል፤ ሥራው ሲያልቅም በቀላሉ ይፈታል። ልጆቹ መጀመሪያ ሲሞክሩት ጫፉን በተሳሳተ በኩል ያሾልኩትና ሳብ ሲያደርጉት እጃቸው ላይ ይበተናል። ገመድ ይሉኝታ የለውም። ስለዚህ ደግመው ይሞክራሉ። አንዷ ከቻለች በኋላ ደግሞ ለትንሿ እንድታሳይ እናደርጋለን። ለሌላ ማሳየት ስትጀምር አቋሟ ራሱ ይለወጣል።

እኔ ከሁሉም የምወደው የካርታና የኮምፓሱን ነው። መንታ መንገድ ላይ ይደርሱና ሁሉም ዞረው እኔን ያያሉ። ዝም እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ካርታውን መሬት ላይ ትዘረጋለች፣ ኮምፓሱን ላዩ ላይ ታስቀምጥና የካርታው ሰሜን ከመርፌው ጋር እስኪገጥም ታዞረዋለች። «ወንዙ በግራችን መሆን አለበት» ትላለች። ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ፣ ይነሳሉ። መልሱን እያወቁ ዝም ማለት ለአዋቂ ከባድ ነው፤ ግን ያኔ አፌን ብከፍት ውሳኔው የእነሱ አይሆንም።

የመጀመሪያ ዕርዳታም ይማራሉ፦ የሚደማ ቁስልን በንጹህ ጨርቅ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ቃጠሎን በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ። ለተማሩት ችሎታ የሚሰጣቸው ምልክት፣ ባጁ፣ ብዙም አያሳስብሽ፣ በጊዜው ይመጣል።

ከማስመዝገብሽ በፊት አንድ ቀን ሄደሽ እይ። ድንኳኑን የሚተክለው ማነው? አዋቂዎቹ እየተከሉ ልጆቹ ቆመው የሚያዩ ከሆነ ሌላ ቡድን ፈልጊ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ እንዳላቸውም ጠይቂ። በግልጽ ካልመለሱልሽ አታስገቢያት። በዚህ ድርድር የለም።

የመጀመሪያው ካምፕ ላይ ናፍቆት ሊይዛት ይችላል፣ በተለይ ማታ ማታ። የተለመደ ነው። «ካስጠላሽ መጥቼ እወስድሻለሁ» ግን አትበያት፤ ገና ሳትሄድ መመለሷን ታስባለች። ሻንጣዋንም ራሷ ታዘጋጅ። የዕቃውን ዝርዝር ስጫት፣ ስትጨርስ አብራችሁ አንብቡት፣ የጎደለውን እሷ ትጨምር።