የክራር ትምህርቴን የት ላስቀምጠው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ክራር አስተምራለሁ። ግማሾቹ ተማሪዎቼ እዚሁ ናቸው፤ ግማሾቹ ሀገር ውስጥም ውጭም ተበትነዋል። ለነሱ ብዬ 32 ትምህርት በቪዲዮ ቀርጬ በራሴ ዌብሳይት ላይ ጫንኩ። ከትዝታ ይጀምራል፤ በባቲና በአምባሰል አልፎ አንቺ ሆዬ ላይ ያበቃል። እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው። በስልክ፣ በ1080 ፒ ነው የቀረጽኩት፤ አንዱ 5 ጊጋ ገደማ ሆነ። የከፈሉ አባላት ብቻ በፓስወርድ ገብተው እንዲያዩ ነበር ሐሳቤ። 60 ያህል ሰው ተመዘገበ።

ከዚያ ሁለት ነገር ደረሰብኝ። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ "ቪዲዮው ይቆማል፣ ይቆራረጣል" ይሉኝ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ለዌብሳይቴ ቦታ ያከራየኝ የሆስቲንግ ድርጅት አካውንቴን ዘጋው። ሲሸጥልኝ "ገደብ የለውም" ብሎኝ ነበር። ሁለተኛው የባሰ ነው። አንድ ተማሪዬ የትምህርት 7ን ሊንክ ከሆነ የቴሌግራም ግሩፕ አግኝቶ ላከልኝ። ስነካው ያለ ምንም ፓስወርድ ተከፈተ! ታዲያ ያ ሁሉ ፓስወርድ ምን ሊሠራ ነው? ምን ይሻለኛል?

የክራር መምህሩ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ይሄ ያንተ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ እኔም ቀምሼዋለሁ። ፒያሳ ያለችው የጥገና ሱቄ ሥራ የቀዘቀዘባት ጊዜ፣ የኮምፒውተር ጥገና ትምህርት በቪዲዮ ቀርጬ እንዲሁ "ገደብ የለሽ" የተባለ ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ከመርኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዌብሳይቴን ስከፍት "ይህ አካውንት ታግዷል" የሚል ባዶ ገጽ ጠበቀኝ። ስጨቃጨቅ ውሉን እንዳነብ ላኩልኝ። ማንም ወርዶ በማያነበው ቦታ ላይ፣ ቦታው ለዌብሳይት ፋይል እንጂ ለቪዲዮ ማከማቻ እንዳልሆነ ተጽፏል። ፈርሜያለሁ፤ ምን እላለሁ?

ርካሽ ሆስቲንግ ማለት ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ አንድ ነው። አንዱ ተከራይ ቀኑን ሙሉ በርሜል ሲሞላ ከዋለ ሌላው ጀሪካን ይዞ ይቆማል። ቧንቧ ውሃ እየኖርክ ይሄ አይጠፋህም።

እስቲ ያንተን በርሜል እንቁጠረው። 32 ትምህርት በ5 ጊጋ ስናባዛ 160 ጊጋ ነው። 60 ሰው ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ቢያየው 9,600 ጊጋ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ፋይሎቹ ካሉበት ኮምፒውተር፣ ይወጣል። ክራር የሚማር ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ አይቶ አይተውም፤ ባቲ ላይ ጣቱ እስኪገራ አሥር ጊዜ ይመልሰዋል። በዚያ ላይ 5 ጊጋን በ40 ደቂቃ ለማየት በሰከንድ 17 ሜጋ ቢት ገደማ ሳይቋረጥ መምጣት አለበት። ሐይቅ ወይ ወረኢሉ ያለ ተማሪ በስልክ ዳታ ይሄን ከየት ያመጣል? የሚቆራረጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ሳታስብ መጀመሪያ ቪዲዮውን አሳንሰው። ሃንድብሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ላፕቶፕህ ላይ ጫነው። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በወሬ ብቻ ላለመመለስ ልጄን ክራሯን አስይዤ 10 ደቂቃ ቀረጽኳት። ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፌ፣ ከኋላዋ ግድግዳ ብቻ። 1.3 ጊጋ መጣ። ሃንድብሬክ ውስጥ መጠኑን ወደ 720 ፒ አወረድኩት፤ የፋይሉን ዓይነት ኤምፒ 4፣ አጨማመቁን ኤች 264 አልኩት፤ ጥራቱን 23 ላይ አደረግኩት። ድምፁንም "ምን ቸገረኝ" ብዬ በሰከንድ ወደ 64 ኪሎ ቢት አወረድኩት። ቡናው አቦል ላይ የጀመረ ሥራ ቶና ላይ አለቀ። 1.3 ጊጋው 95 ሜጋ ሆኖ ወጣ።

ሱቅ ውስጥ ባለችው አሮጌ ስልክ ከፍቼ ለልጄ ሰጠኋት። አየችና "ጣቴ በደንብ ይታያል" አለች። ጆሮዋ ጋ አስጠጋችው። "ድምፁ ግን ቆርቆሮ ነው አባዬ።" እውነቷን ነው። ጅማቱ ሲነካ የሚተወው ያ ጭራ፣ ያ ንዝረት ጠፍቷል። አምባሰልን ለሚያስተምር ሰው ይሄ ከሥዕሉ መደብዘዝ የባሰ ኪሳራ ነው። ድምፁን ብቻ ወደ 160 መልሼ ደገምኩት፤ የጨመረው 7 ሜጋ ብቻ ነው። ተስማማች።

ከዚህ የምትይዘው፣ ላንተ ሥራ ሥዕሉ ላይ ቆጥብ፣ ድምፁ ላይ አትቆጥብ። ካሜራው ካልተንቀሳቀሰና ጀርባው ግድግዳ ብቻ ከሆነ ሥዕሉ በጣም ይጨመቃል፤ ቅጠሉ የሚወዛወዝ ዛፍ ሥር ከቀረጽክ ግን አይጨመቅም። በዚህ ሒሳብ 40 ደቂቃው 400 ሜጋ ገደማ ይሆናል። 32ቱ ተደምረው 13 ጊጋ ናቸው። 160 የነበረው ማለት ነው! በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት በሚጭን ኔትወርክ አንዱን ትምህርት አፕሎድ ለማድረግ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅብህ ነበር፤ አሁን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መብራት ቢሄድም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው የሚበላሽብህ።

አንዲት ምልክት ማድረጊያ ሳጥን እዚያው ሃንድብሬክ ላይ አለች፤ "ዌብ ኦፕቲማይዝድ" ትላለች። እሷን እንዳትረሳ። የኤምፒ 4 ፋይል የራሱ ማውጫ አለው፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው የሚጻፈው። ማውጫው ወደ ፊት ካልመጣ ማጫወቻው ፋይሉን ለመጀመር ይቸገራል፤ ተማሪህም ጥቁር ሳጥን እያየ ይቀመጣል። ዋናውን ፋይል ደግሞ አትሰርዝ፤ በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጠው፣ ሁለቱም አንድ ቤት አይደሩ።

አሁን ወደ ሊንኩ እንምጣ። ፓስወርድህ ምን ሠራ አልከኝ? ገጹን ቆልፏል። ቪዲዮውን ግን አልቆለፈም። ዎርድፕረስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ላይ የጫንከው ፋይል "አፕሎድስ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው የሚገባው፤ ያ ፎልደር ለማንም ክፍት ነው። አባል መሆኑን የሚያጣራው ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ፕለጊንህ፣ የሚጠብቀው ቪዲዮው የተለጠፈበትን ገጽ ነው። የፋይሉን ቀጥታ አድራሻ ያወቀ ሰው በበሩ መግባት አያስፈልገውም፤ በጓሮ አጥር በሌለበት በኩል ይገባል። አድራሻውን ለማግኘት ደግሞ ሌባ መሆን አያሻም። ብሮውዘሩ ራሱ ያሳያል። ትምህርት 7ን የለቀቀው ልጅ ምናልባት ለጓደኛው "ይቺን ስማት" ብሎ ነው የላከው።

የኔ ምክር ይሄ ነው፦ በሩን አንተ ያዝ፣ ጎተራውን ለሌላ ስጥ። ዌብሳይትህ ስም ይመዝግብ፣ ፓስወርድ ይጠይቅ፣ የትምህርቱን ዝርዝር ያሳይ። ለዚያ ርካሹ ሆስቲንግ ይበቃል። ቪዲዮው ግን ለቪዲዮ ተብሎ የተሠራ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለት ዓይነት ቦታ አለ። አንደኛው ፋይል ብቻ የሚያስቀምጥ መጋዘን ነው፤ አማዞን ኤስ3፣ ባክብሌዝ ቢ2፣ ክላውድፍሌር አር2 የሚባሉት። እዚህ ላይ የሚታየው የማስቀመጫው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ 13 ጊጋ ማስቀመጥ ምንም አይደለም። ኪስ የሚያጥበው የሚወጣው ነው። አማዞን ከመጋዘኑ ለሚወጣው በጊጋ ያስከፍላል፤ አር2 ለሚወጣው አያስከፍልም። ውሉን ስታነብ ዓይንህ መጀመሪያ እዚያች መስመር ላይ ይረፍ። ሁለተኛው እንደ ቪሜዮና በኒ ስትሪም ያለ የቪዲዮ አገልግሎት ነው። ቪዲዮውን ስትሰጠው በተለያየ ጥራት ያዘጋጅልሃል፣ በየጥቂት ሰከንዱ ይቆርጠዋል፤ የተማሪው ኔትወርክ ሲደክም ሳይቆም ወደ ዝቅተኛው ጥራት ይወርዳል። ይሄ አሠራር ኤችኤልኤስ ይባላል፤ አፕል በ2009 እ.ኤ.አ. ያመጣው ነው። በራስህ ሰርቨርም መሥራት ይቻላል፤ አንተ ግን ክራርህን ብታስተምር ይሻላል። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በዚያ ላይ ቪዲዮው ካንተ ዌብሳይት ውጭ ሌላ ቦታ ተለጥፎ እንዳይከፈት ማድረግ ትችላለህ።

መጋዘኑን ከመረጥክ ቁልፉ "የተፈረመ ሊንክ" ነው። ፋይሉ ለማንም ዝግ ይሆናል። አባልህ ፓስወርዱን አስገብቶ ትምህርት 7ን ሲነካ፣ ዌብሳይትህ ለእሱ ብቻ የሰዓት ገደብ ያለው ሊንክ ይሠራለታል። ሰዓቱ ሲያልፍ ሊንኩ ይሞታል፤ ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍም ነገ አይሠራም። ገደቡን ግን 40 ደቂቃ እንዳታደርገው! ተማሪው አቁሞ ይለማመዳል፣ መብራት ይጠፋበታል፣ እናቱ ወፍጮ ቤት ትልከዋለች። አራት ሰዓት ስጠው።

"የለም፣ ሁሉንም በራሴ ሰርቨር ነው የምፈልገው" ካልክ፣ ብቻህን የምትጠቀምበት ሰርቨር ተከራይና ፋይሎቹን ለማንም ክፍት ከሆነው ከፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ፎልደር ውጭ አስቀምጥ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ፒኤችፒው፣ ማለትም ዌብሳይቱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ አባልነቱን አጣርቶ ቪዲዮውንም ራሱ እያነበበ እንዲልክ ያደርጋሉ። ይሄ ዘበኛው መታወቂያ አይቶ ሲያበቃ ጆንያውንም ራሱ ተሸክሞ እንደሚያደርስ ነው። በሩ ላይ ማን ቀረ? አሥር ሰው ሲመጣ ሰልፍ ነው። ዘበኛው "ይለፍ" ይበል፤ ሸክሙን ሰርቨሩ ይያዝ። ኤንጂንኤክስ በሚባለው የሰርቨር ፕሮግራም ላይ ለዚህ የተሠራው ነገር "ኤክስ-አክሴል-ሪዳይሬክት" ይባላል፤ ሰርቨሩን የሚያዘጋጅልህ ልጅ ስሙን ስትነግረው ካላወቀው ሌላ ልጅ ፈልግ።

ስርቆቱን ጨርሶ ማቆም ይቻላል ወይ? አይቻልም። የስልኩን ስክሪን በሌላ ስልክ የሚቀርጽ ሰው ምን ታደርገዋለህ? ቀኝ ክሊክ መከልከል የሚሉት ነገር ለይስሙላ ነው፤ ጊዜህን አትፍጅበት። የሚያሳፍረው ግን አለ፤ ተማሪው ሲያይ የራሱ ስልክ ቁጥር በደበዘዘ ቀለም ቪዲዮው ላይ ይውጣ። የራሱ ቁጥር ያለበትን ለግሩፕ የሚለቅ ብዙ ሰው አይገኝም።

የመጨረሻዋ ጣጣ ክፍያ ናት። ተማሪዎችህ በቴሌብር ይከፍሉሃል፤ አንተ ግን ለውጭው አገልግሎት በዶላር ነው የምትከፍለው። ብዙ ሰው ውጭ ያለ የአክስት ልጅ ካርድ ይጠቀማል። ካርዱ የእሱ ይሁን፤ አካውንቱ ግን ባንተ ኢሜይል ይከፈት። አለዚያ ኩርፊያ የመጣ ቀን 32ቱም ትምህርት አብሮ ይኮርፋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ለ8 ሴቶች የልብስ ቅድ አስተምራለሁ። ዌብሳይት የለኝም። ቪዲዮዬን ዩቲዩብ ላይ "አንሊስትድ" ብዬ ብጭነው ምን ችግር አለው? ነፃ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ "አንሊስትድ" ማለት ፍለጋ ላይ አይወጣም ማለት ብቻ ነው። ሊንኩ ያለው ሁሉ ያየዋል፤ ያየ ሁሉ ለሌላ ይልካል። በነፃ ለምታስተምሪው ጥሩ ነው፣ ለከፈሉት ግን አይሆንም። ላንቺ "ፕራይቬት" ይሻልሻል። የሴቶቹን የጂሜይል አድራሻ ሰብስቢና አንድ በአንድ ጋብዣቸው፤ ያልተጋበዘች ሊንኩ ቢደርሳትም አይከፈትላትም። ስልሳ ሲሆኑብሽ ጻፊልኝ።