የሸክላ ሠሪዋ ቅድመ አያታችን ትጻፍ ወይስ ትዘለል?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይህን አምድ በቤታችን ጮክ ብሎ የሚያነበው አባታችን ነበር፤ ካረፈ በኋላ እኔ ተክቼዋለሁ። ትውልዳችን ከአንኮበር ሲሆን የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በየዓመቱ ጥር 21 ቀን አስተርእዮ ማርያምን የምንዘክርበት የዘመድ ማኅበር አለን። ዘንድሮ የትውልድ ሐረጋችንን በትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም ተስማምተን ጸሐፊነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ጠብ የተነሣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የአባታችን አያት ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራና ምጣድ እየሠራች አልዩ አምባ ገበያ ታወርድ ነበር። የሠራችው ጋን ዛሬም አጎታችን ጓዳ ውስጥ አለ፤ የዝክሩ ጠላ የሚጠመቀው በእርሱ ነው። አጎታችን ግን «የጠይብ ዘር ልታስብለን ነው? ስሟ ይዘለል፤ ማቴዎስም ሦስት ነገሥታት ዘልሎ ጽፏል» ይላሉ። በዚህ ላይ አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድም ጋሼ ሰብሳቢነቱ በበኩርነቴ ለእኔ ይገባል ብሏል። ማኅበሩን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መዋጮ እየሰበሰበች፣ የታመመ እየጠየቀች ያቆየችው እትዬ ናት። የአክስታችን ልጅ ለብድር ዋስ ሲያጣ የፈረመችለት፣ መክፈል ሲያቅተው ከደመወዟ የከፈለችለትም እርሷ ናት። የጥንት እስራኤላውያን ትውልድ ሲቆጥሩ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ምን ያደርጉ ነበር?

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትህ ማንበባቸውን ወድጄዋለሁ። ያሉትም እውነት ነው፤ ማቴዎስ ከኢዮራም ወደ ዖዝያን ሲሻገር አካዝያስን፣ ኢዮአስንና አሜስያስን አልጠራቸውም። በወንጌሉ መጀመሪያ የጌታን ትውልድ አሥራ አራት አሥራ አራት አድርጎ በሦስት ክፍል አሰልፎታል። የተዘለሉት እነማን እንደሆኑ ግን ልብ በል፤ ዙፋን ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የተጠሩትንስ ሴቶች አየሃቸው? መንገድ ዳር ተቀምጣ ከአማቷ ከይሁዳ የፀነሰችው ትዕማር፣ የኢያሪኮዋ ራኬብ፣ ሞዓባዊቷ ሩት፣ አራተኛዋ ደግሞ በስሟ እንኳ ሳትጠራ «የኦርዮ ሚስት» የተባለችው። የዳዊትን በደል በሁለት ቃል ማስታወስ ማለት ይህ ነው። አጎትህ ማቴዎስን ልከተል ካሉ ከዘመዶቻችሁ መካከል ባለ ሥልጣን የነበሩትን ሦስቱን ይዝለሉ፤ እርሷን አይንኩ። እነዚያ ነገሥታትም ቢሆኑ በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 3 ተራቸውን ጠብቀው ተጽፈዋል፤ ፈልጎ የሚያጣቸው የለም።

ዜና መዋዕልን ካነሣን፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ዘጠኝ ምዕራፍ ያህል ስም በስም ነው። ተማሪ ሳለሁ እያንቀላፋሁ ነበር የማልፈው። ምዕራፍ 4 ላይ ግን የይሁዳ ነገድ ሲቆጠር የሴሎም ልጆች ተራ ይደርሳል፤ እዚያ በፍታ የሚሠሩ ቤተሰቦችና ሸክላ ሠሪዎች ተጽፈዋል፤ ሸክላ ሠሪዎቹ ለንጉሡ ሥራ ይሠሩ እንደነበር ጭምር። ሴሎም የይሁዳ ልጅ ነው፤ የዳዊት ዘር የሚቆጠርበት የፋሬስ ወንድም። እንግዲህ ጭቃ የሚያቦካውና ዘውድ የሚጭነው ከአንድ አባት ወጡ፤ ጸሐፊውም ጭቃውን ሊያጥብ አልሞከረም። በእኛም አገር፣ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረዋል። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎት ከአጎትህ ጓዳ አለመድረሱ ነው የሚገርመኝ፤ ያውም ጋኑ እዚያው እያለ።

የራሴን ልንገርህ። እኔ የመንዝ ማማ ልጅ ነኝ። በ1963 ዓ.ም. አባቴ የርስት ክርክር ነበረበት። ርስት ለመካፈል እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልድ መቁጠር ግድ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማታ ማታ እሳት ዳር ስሞቹን አብሬው አጠና ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ሸማኔ ነው። አባቴ «እርሱን እንለፈው፤ ቁጢት በጣሽ ይሉናል» አለ። ችሎት ላይ ቆሞ ሲቆጥር የባላጋራችን ሽማግሌ ተነሡና «በዚህኛውና በዚያኛው መካከል የነበረው ሰው ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁ። አባቴ ዝም አለ። ሐረጉ ተቆርጧል ተብሎ ተፈረደብን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ወጥቶ ርስቱም ክርክሩም አብረው ቀሩ፤ አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ የሚያነሣው ያቺን ዝምታ ነበር። በዕዝራ ምዕራፍ 2 ከምርኮ የተመለሱ አንዳንድ የካህናት ወገኖች የትውልድ መጽሐፋቸውን ፈልገው እንዳጡና ከክህነት እንደተከለከሉ ሳነብ የሚታየኝ የእርሱ ፊት ነው።

ሌላም ችግር አለ። ልጆቻችሁ ሊጋቡ ሲሉ ሰባት ቤት ትቆጥሩ የለም? የሸክላ ሠሪዋ ስም ከተፋቀ የእህትና የወንድሞቿ ዘርም አብሮ ይጠፋል። ነገ የእትዬ ልጅ ደብረ ሲና ወርዶ የሚያጫት ልጅ ዘመዱ አለመሆኗን በምን ያውቃል? ይህንን አጎትህ ይመልሱልኝ።

አሁን ወደ ወንድም ጋሼ ልምጣ። እዚያው ዜና መዋዕል ምዕራፍ 5 መጀመሪያ ላይ ጸሐፊው ቆጠራውን ቆም አድርጎ አንድ ነገር ያብራራል። ሮቤል በኩር ነበር፤ የአባቱን ምንጣፍ ስላረከሰ ብኩርናው ለዮሴፍ ልጆች ተሰጠ፤ በወንድሞቹ መካከል የበረታው ግን ይሁዳ ነው፤ አለቃም የወጣው ከእርሱ ነው ይላል። ድርሻው ወደ አንዱ፣ አለቅነቱ ወደ ሌላው ሄደ፤ ሮቤልም በኩር መባሉ አልተፋቀበትም። (ወንድም ጋሼ እንደ ሮቤል በደለ አላልኩም፤ እንዳታጣላን።)

ይሁዳ በምን በረታ? ዘፍጥረትን ግለጥ። በራቡ ዘመን ብንያምን ወደ ግብፅ ይዘው ለመሄድ አባታቸውን ሲለምኑ ሮቤል «ባልመልሰው ሁለቱን ልጆቼን ግደል» አለ። ያዕቆብ እሺ አላለውም፤ የልጅ ልጆቹን ገድሎ ምን ሊጠቀም! ይሁዳ ደግሞ «እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ ከእጄ ፈልገው» አለ። ኋላ የብር ጽዋው ከብንያም ዓይበት ሲወጣ በእርሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ዮሴፍ ፊት የቆመው ይኸው ይሁዳ ነው። ቀድሞ ዮሴፍን እንሽጠው ያለውም እርሱ ነበር፤ መጽሐፉ ይህንንም አልደበቀለትም። አንዱ በልጆቹ ተወራረደ፣ ሌላው በራሱ።

አንተ በደብዳቤህ «ዋስ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ጽፈህ አልፈኸዋል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ተመልሼ አነበብኩት። ወንድም ጋሼ በመጽሐፋችሁ በኩር ተብሎ ይጻፍ፤ በዝክሩም ቀን ከላይ ይቀመጥ። ሰብሳቢነቱን ለእትዬ ስጧት። ሴት ናት የሚል ከተነሣ፣ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች ሙሴ ፊት ቀርበው የአባታቸውን ርስት ጠይቀው እንደተፈረደላቸው ዘኍልቍ 27 ላይ አሳየው። መንዝም ቢሆን ርስት በእናት በኩልም ሲቆጠር ኖሯል።

አጎትህን ግን በማኅበሩ ፊት ጥቅስ እየጠቀስክ እንዳትሞግታቸው። ለአንተ ቅድመ አያት ብትሆን ለእርሳቸው አያታቸው ናት፤ አዝላ አሳድጋቸው ይሆናል። ካፈሩ የሚያውቁትንም አይነግሩህም፤ የእናቷን ስም የሚያውቅ ከእርሳቸው ሌላ ታገኛለህ ብዬም አላስብም። ከእትዬ ጋር ሆነህ ቤታቸው ሂድ። ጠላ ሲቀዳላችሁ አፈሩን ከየት ታስመጣ እንደነበር፣ ጋኑን ሠርታ ለመተኮስ ስንት ቀን እንደፈጀባት ጠይቃቸው። ደብተርህን የምታወጣው እርሳቸው ማውራት ከጀመሩ በኋላ ነው።