«ግሉኮሱን ለምን ቀነሱባቸው?» ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ፈጣሪ አባትሽን ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ በሳንባ ምች አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገብተዋል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ገብቷል ተብላችኋል። ሰሞኑን ግሉኮሱን ቀነሱ፣ ኦክስጅኑንም ዝቅ አደረጉ። ደም ይሰጣቸው ስትሉ «አያስፈልግም» አሏችሁ። ዱባይ ያለው ወንድምሽ ደግሞ አልቡሚን (በደም ሥር የሚሰጥ የደም ፕሮቲን) ገዝቼ ልላክ ይላል። «ተስፋ ቆርጠውባቸው ይሆን?» ነው ያልሽው።

አይሲዩ ውስጥ ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። ይህን ያልጠየቀኝ አስታማሚ ጥቂት ነው። አባትሽን ሳላያቸው ስለ እሳቸው መናገር አልችልም። የዘረዘርሻቸው ነገሮች ግን ለብቻቸው የመተው ምልክት አይደሉም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ሕመምተኛው ሻል ሲለው የምናደርጋቸው ናቸው።

ከግሉኮሱ፣ ማለትም በደም ሥር ከሚሰጠው ፈሳሽ ልጀምር። የደም ግፊቱ ለወረደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ግን ትርፉ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። ተረኛ ስሆን የሕመምተኞቼን ቁርጭምጭሚት በጣቴ ጫን አድርጌ አያለሁ። ጣቴን ሳነሳ ጎድጉዶ ከቀረ ለሐኪሙ እናገራለሁ። የገባው ፈሳሽና የወጣው ሽንትም ይመዘገባል።

ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ አይደለም። በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3,100 በላይ በጠና የታመሙ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው ከ100ው 10 ያህሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ። በፍጥነት ካልተሰጣቸው ግን 7 ያህሉ ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ የደም ግፊታቸው በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲጎዳ) በወረደ አዋቂዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው ስለነበሩ ለሁሉም ሰው እንዳለ አይወሰድም። ፈሳሽ እንደ መድኃኒት ልክ እንዳለው ግን በደንብ ያሳያል።

ኦክስጅንም እንደዚያው ነው። ጣታቸው ላይ የተሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ 94 በመቶ ካለ ወደ 100 ለማድረስ መግፋት ጥቅም የለውም፤ ሲበዛ ሊጎዳም ይችላል። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ከ88 እስከ 92 ላይ ነው የምናቆያቸው። አባትሽ በትንሽ ኦክስጅን ቁጥሩን ከያዙ ደስ ይበልሽ።

ደሙን በተመለከተ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ የካናዳ ጥናት አለ። ሄሞግሎቢኑ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) ከ7 በታች እስኪወርድ ደም ሳይሰጠው የቆየው ሕመምተኛ፣ 10 ላይ እንዲቆይ ከተደረገው የባሰ አልሆነም። የሚደማ ሰው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ግን ሌላ ነው። ስለዚህ የአባትሽን ቁጥር ጠይቂ።

አልቡሚኑን ወንድምሽ አሁን አይግዛ። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ወደ 7,000 የሚጠጉ የአይሲዩ ሕመምተኞች ላይ ከጨው ውሃ ጋር ሲነጻጸር በሞት ቁጥር ልዩነት አላመጣም። ጭንቅላታቸው ለተጎዳ እንዲያውም የከፋ ሆኗል። ጉበቱ ለታመመና ከሆድ ብዙ ውሃ ለተቀዳለት ሰው ይጠቅማል። የእናንተ ሐኪም ካላዘዘው ግን ገንዘቡ ለላቦራቶሪና ለአንቲባዮቲክ ይቆይ። አንቲባዮቲኩ አንድ ቀን እንኳ እንዳይቋረጥ።

ከሁሉ በላይ የምጨነቅበትን ልንገርሽ። አስታማሚ በፍቅር ብዛት አጥሚት በማንኪያ ያጎርሳል፣ ጸበል ያጠጣል። በደንብ ያልነቃ ሰው ወደ ሳንባው ይገባበታል፤ ሳንባው እንደ አዲስ ይታመማል። ምግቡ በአፍንጫ ቱቦ በኩል ይግባ። ጸበሉን ነርሷ ፈቅዳ በጥጥ ከንፈራቸውን ብታርሱላቸው ይበቃል። የአልጋው ራስጌ ከፍ ማለቱን፣ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጣቸውንም እዩ። ጀርባቸውና ተረከዛቸው ቀልቶ ካያችሁ ወዲያው ተናገሩ። እነዚህ ርካሽ ነገሮች ስለሆኑ ሰው ይንቃቸዋል፤ እኔ ግን ከብዙ ውድ መድኃኒት አስበልጣቸዋለሁ።

ነገ በራውንድ ሰዓት (ሐኪሞች ሕመምተኞችን እየዞሩ ሲያዩ) ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ «ኦክስጅኑ ከትናንቱ ስንት ቀነሰ? ሽንታቸው እንዴት ነው? የወረደውን የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው መድኃኒት እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ?» ሦስቱም ወደ ጥሩ ከሄዱ ግሉኮሱ በምክንያት ነው የቀነሰው። ኦክስጅኑ እየጨመረ፣ ሽንቱ እየቀነሰ ከሆነ ግን ቁጭ ብለው እንዲያስረዷችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፤ አትፈሩ።

ያሉሽን እዚሁ ጻፊልኝ። ዛሬ ማታ ተረኛ ነኝ፣ ጠዋት ስወጣ አነበዋለሁ።