ትልቁ ሰርቨር ለምን ተወደደ?

ጥያቄ፦ ለድርጅታችን 8 ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ለመግዛት ዋጋ ስንጠይቅ፣ ባለ 2 ፕሮሰሰር የሆኑ 4 ማሽኖች ተደምረው ከሚያወጡት ብዙ እጥፍ ሆነብን። የፕሮሰሰሩ ብዛት እኩል ነው። ልዩነቱ የምንድን ነው? የምንሠራበት ለሽያጭ መዝገብና ለወርኃዊ ሪፖርት ነው።

መልስ፦ ገንዘቡ የሚሄደው ፕሮሰሰሮቹን ለሚያገናኘው ክፍል ነው። ስምንቱም አንድ ሚሞሪ (ራም) ስለሚጋሩ፣ አንዱ ቁጥር በቀየረ ጊዜ ሌሎቹ በካሻቸው (በየፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ትንሽና ፈጣን ሚሞሪ) የያዙት አሮጌ ቅጂ ወዲያው መሻር አለበት። ይህን የሚያስተባብረው ሰርኪዩት ውስብስብ ነው፤ ገዢውም ጥቂት ስለሆነ የዲዛይኑ ወጪ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ጎላ ብሎ ያርፋል። ባለ 2 ፕሮሰሰሩ ግን በገፍ ይመረታል።

የጎግል መሐንዲሶች በ2003 ባሳተሙት ንጽጽር፣ 88 ባለ 2 ፕሮሰሰር ማሽኖች የተደረደሩበት ራክ 278 ሺህ ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር፦ 176 ፕሮሰሰር፣ 176 ጊጋባይት ራም፣ 7 ቴራባይት ዲስክ። 8 ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋባይት ራምና 8 ቴራባይት ዲስክ ያለው አንድ ሰርቨር ደግሞ 758 ሺህ ዶላር ገደማ። 22 እጥፍ ፕሮሰሰር ከግማሽ ባነሰ ዋጋ መሆኑ ነው።

ይህን አይቶ «እንግዲያው ርካሹን» ማለት ግን ችኮላ ነው። የጎግል ሥራ የሆነው የኢንተርኔት ፍለጋ ለብዙ ማሽኖች ለመቆራረጥ የተመቸ ነው፤ የአንዱ ሰው ጥያቄ የሌላውን አይጠብቅም። ሽያጭ እንዲህ አይደለም። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች የመጨረሻዋን ዕቃ በአንድ ቅጽበት ሊሸጡ ቢሉ አንዱ መቆም ስላለበት፣ ዳታቤዙ የዕቃዋን መዝገብ ይቆልፋል። በአንድ ሰርቨር ውስጥ ሚሞሪ ለማንበብ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይበቃል፤ በሌላው ፕሮሰሰር በኩል ያለ ሚሞሪ ቢሆን እንኳ ወደ እጥፍ ቢጠጋ ነው። በተለመደ ኔትወርክ ጎረቤት ማሽን ደርሶ መመለስ ግን 100 ማይክሮሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ አንድ ማይክሮሰከንድ 1,000 ናኖሰከንድ ስለሆነ፣ ሺህ እጥፍ! የዕቃው መዝገብ በአንዱ፣ የደንበኛው ሂሳብ በሌላው ማሽን ላይ ከሆነ፣ ሁለቱ «እሺ» እስኪባባሉ ቁልፉ አይፈታም። ሰልፉ የሚረዝመው እዚያ ላይ ነው።

እኛ ብንሆን ሽያጩን አንድ ባለ 2 ፕሮሰሰር ሰርቨር ላይ እናስቀምጥና የተረፈውን ገንዘብ ራም ላይ እናውለው ነበር። ሁለተኛ ማሽን ቅጂውን በየቅጽበቱ ይቀበል፤ ሪፖርቱም ከዚያ ይነበብ። ታዲያ ያ ቅጂ ባክአፕ እንዳይመስላችሁ፤ በስህተት የተሰረዘ መዝገብ እዚያም ወዲያው ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ከ16 ኮር ወደ 32 ኮር አሳድገን ሥራው እምብዛም አልፈጠነም። ሻጩ ሸወደን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው ሥራ የሚሠራ ክፍል ነው። ከሥራው 10 በመቶው በአንድ ኮር ብቻ የሚሠራ ቢሆን፣ 16 ኮር 6.4 እጥፍ ያፈጥናል፤ 32 ኮር ደግሞ 7.8 እጥፍ። ኮሩን ሺህ ብታደርጉትም 10 እጥፍን አያልፍም። የኮምፒውተር ንድፍ መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያነሳው ነጥብ ይኸው ነው። ከመግዛት በፊት መለካት ቀላል ነው፦ ሊኑክስ ላይ «ታስክሴት» በሚባለው ትእዛዝ ሥራውን በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ኮር ብቻ አሂዱና ሰዓቱን መዝግቡ። ከ4 ወደ 8 ሲኬድ ሰዓቱ ካልቀነሰ፣ ብዙ ኮር ከመጨመር አንዱ ኮር የፈጠነ ፕሮሰሰር መግዛት ይሻላል።

በሌላ በኩል፣ ፍጥነቱ እጥፍ ስላልሆነ ብቻ ግዢው ከሰረ አይባልም። ማሽኑ 100 ብር ቢሆንና 70ው የራምና የዲስክ ቢሆን፣ ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሲጨመር ዋጋው 115 ብር ደርሶ ሥራው 1.4 እጥፍ ከፈጠነ ትርፍ ነው። ይህን ስሌት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ 40 ያገለገሉ ዴስክቶፖች በነጻ አግኝተናል። ቪዲዮ ከአንድ ፎርማት ወደ ሌላ ለመቀየር ልንጠቀምባቸው ነው።

መልስ፦ ሥራው ለመቆራረጥ ተስማሚ ነው፤ «በነጻ» የሚለው ላይ ግን አንስማማም። እያንዳንዱ 150 ዋት ቢወስድ 6 ኪሎዋት ነው፤ ሌት ተቀን ከሠሩ በ30 ቀን 4,320 ኪሎዋት ሰዓት፣ የማቀዝቀዣው ሳይቆጠር። እያንዳንዱ በአማካይ በ3 ዓመት አንዴ ቢበላሽ፣ በየ27 ቀኑ አንድ ማሽን ይወድቅባችኋል። ዋናው ፋይል በ3 የተለያዩ ማሽኖች ላይ ይቀመጥ፤ ሦስቱም በአንድ ስዊች (ማሽኖቹን በኔትወርክ በሚያገናኘው ሳጥን) ወይም በአንድ የመብራት መስመር ላይ እንዳይሆኑ። በዚህ አሠራር 40 ቴራባይት ዲስክ ሲጣራ 13 ብቻ ነው።

ከሞተው ማሽን ይልቅ የሚያስቸግረው የሚያቃስተው ነው። ዲስኩ መበላሸት የጀመረ ኮምፒውተር «አለሁ» ይላል፤ ግን አንዱን ፋይል ደጋግሞ ለማንበብ ሲታገል 39ኙ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠብቁታል። መድኃኒቱ ሥራውን በ40 ሳይሆን በ400 ቁራጭ መክፈል ነው፤ ፈጣኑ ብዙ፣ ዘገምተኛው ጥቂት ያነሳል። መጨረሻ ላይ የቀሩትን ቁራጮች ለሁለት ሁለት ማሽን ስጡና ቀድሞ የደረሰውን ውሰዱ። የዴስክቶፕ ራም በአብዛኛው ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ስላልሆነ፣ የወጣውን ቪዲዮ በናሙና ከፍቶ ማየትም አይቅር።

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ላይሰንስ በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ አንዳንዴ ስሌቱ ራሱ እሱ ነው። ክፍያው በኮር ከሆነ፣ 4 ኮር ያላቸው 40 ማሽኖች የ160 ኮር ላይሰንስ ያስከፍላሉ፤ ያኔ ጥቂት ፈጣን ኮር ያለው ውድ ሰርቨር ርካሽ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ማሽን የሚከፈል ከሆነ ደግሞ ትልቁ ያሸንፋል። ውሉ ላይ ኮር ነው፣ ፕሮሰሰር ነው ወይስ ማሽን የሚቆጠረው? ተጠባባቂው ማሽንስ ይቆጠራል? ሁለቱን ሳታረጋግጡ የሃርድዌር ዋጋ አትጠይቁ።