ስድስቱን ጄት ባንዴ አዝዤ የደረሰብኝ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ከትራንስፎርመርስ ጄቶች (ወደ ሮቦት ከሚቀየሩት አሻንጉሊቶች) ግራጫው ስታርስክሪም አለኝ፣ ሰማያዊውን ታንደርክራከርና ጥቁሩን ስካይዋርፕ ከዚያው ሰርድ ፓርቲ (ያለዋናው ባለቤት ፈቃድ በራሱ ዲዛይን ከሚሠራ) ካምፓኒ ላዝ ነው፣ ሐረር ነኝ፣ ባንድ ላይ ላስመጣቸው ወይስ አንድ በአንድ ብለሃል።

አንድ በአንድ። አቦ፣ ሌላውን ባታነበው እንኳ ይቺን ያዝልኝ።

እኔ ድሬ ነኝ። አንተ ያሰብከውን እኔ እጥፍ አድርጌ ሠርቼዋለሁ። ሦስቱን ዋናዎች ብቻ ሳይሆን ሹል አናት ያላቸውን ራምጄትን፣ ትረስትንና ዲርጅንም ጨምሬ ስድስቱን ባንዴ አዘዝኩ። ጊዜው 2017 መግቢያ ላይ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላሩ ሲወጣ እያየሁ «ነገ ከዚህ ይብሳል» ብዬ ቸኮልኩ። ትንሹ ሳይዝ ነው፣ መዳፍ ላይ የሚቀመጠው፣ አንዱ 50 ዶላር ገደማ። የከፈለው ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። አንተም መቼም አንድ ዘመድ አይጠፋህም።

እንግዲህ በቁጥር ልንገርህ።

1. ስድስት ቀለም ማለት አንድ ሞልድ (ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ) ማለት ነው። ነገሩ የዛሬ አይደለም። የትራንስፎርመርስ ባለቤት የአሜሪካው ሀዝብሮ በፈረንጅ 1984 የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጄቶች ሲያወጣ አንዱን የጃፓኑን የታካራ ኤፍ-15 ተዋጊ ጄት አሻንጉሊት በሦስት ቀለም ነው ያወጣው። በ1985 ደግሞ ክንፉን ቀያይሮ ሌላ ሦስት ጨመረበት። ገንዘብ የሚበላው የብረቱ ሞልድ ነው፤ ቀለም መቀየር ከዚያ አንጻር ምንም አይደለም። ሰርድ ፓርቲዎቹም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የስታርስክሪምህ ዳሌ ከላላ የሌሎቹም ይላላል። ደረቱ አልገጥም ካለ የሌሎቹም አይገጥምም። ካምፓኒው ስሞታ ከበዛበት ግን ቀጥሎ በሚያወጣው ቀለም ላይ አንዳንዴ ያስተካክላል። እኔ አንዱን ከፍቼ ሳላይ ስድስቱንም ስላዘዝኩ አንዱን ጉድለት ስድስት ጊዜ ገዛሁት። ስድስት ልል ዳሌ! መደርደሪያ ላይ ሲቆሙ ከበርጫ የተነሱ ነው የሚመስሉት።

2. የላላውን ለማጥበቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም የመገጣጠሚያው ኳስ ላይ በስሱ ቀባ። በደንብ ይድረቅ። ሳይደርቅ ከገጠምከው ይጣበቅና ሁለተኛ አይላቀቅም። አካሉን የምትፈታበትን ትንንሿን ብሎን መፍቻ ሞባይል ጠጋኞች ጋ ታገኛለህ።

3. ዋጋ አታሳንስ፣ ወሬም አታብዛ። ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው።

የአክስቴ ልጅ ለእኔ ያሰበ መስሎት ካርቶኑ ላይ «ስጦታ፣ 20 ዶላር» ብሎ ጻፈ። ዕቃው አዲስ አበባ ተይዟል፣ ራስህ ና ተባልኩ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ተሰለፍኩ። ስሙን አልጠራም። ከሦስት መስኮት በኋላ አንዲት ሴትዮ ካርቶኑን ከፈተችው።

«ስድስት አንድ ዓይነት አሻንጉሊት። ንግድ ፈቃድ አለህ?»

አንድ ዓይነት አይደሉም አልኳት። ይሄ ሌላ ነው፣ ያም ሌላ ነው፣ እንዲያውም እርስ በርስ አይስማሙም።

«ቀለሙ ነው እንጂ የተለየው። ጥቁርና ቡኒ ጫማ ብታመጣ ያው ጫማ ነው።»

እውነቷን ነው። ያን ዕለት ግን አልዋጥልህ አለኝ። «የነዚህን ክንፍ ይመልከቱት እስቲ!» ብዬ ትረስትን አንስቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ስልኳን አወጣች፣ ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም ጻፈች። ዋጋው 50 ዶላር ብሎ ወጣላት። ቀና ብላ አየችኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ቀረጤን ከፍዬ እሄድ ነበር። ቀጥላ ግን «አንተ ስታርስክሪም ነው ያልከኝ፣ ሳጥኑ ላይ ሌላ ስም ነው ያለው» አለች። እኔ ጅሉ ምን ብዬ መለስኩ መሰለህ? «ያው እሱ ነው፣ የሠሩት ሰዎች ፈቃድ ስለሌላቸው ነው ስም የቀየሩት።»

«ፈቃድ የሌለው ዕቃ ነው እያልከኝ ነው?»

ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ዘጠኝ ቀን አስበላችኝ። ላንተ ሰርድ ፓርቲ ፎርጅድ እንዳልሆነ፣ የራሱ ዲዛይን እንዳለው አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። እዚያ መስኮት ላይ ግን ማን ይሰማሃል? «ለኃላፊ ይመራ» ተባለ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነው። የመጋዘን ኪራዩ ግን ስብሰባ የለበትም፣ በየቀኑ ይቆጥራል። አክስቴ ቤት ወለል ላይ ተኝቼ ከረምኩ። እሷም በየማታው «ልጄ፣ ዕቃው መድኃኒት ነው?» ትለኛለች። አሻንጉሊት ነው ለማለት አፍሬ «የሥራ ዕቃ» አልኳት።

በመጨረሻ ተለቀቀ። ቀረጡ የሚሰላው ከነማጓጓዣው መሆኑን እወቅ፣ በዕቃው ዋጋ ብቻ እንዳታስብ። ከዚያ ሱር ታክሱ (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመረው ታክስ) 10 በመቶ፣ ቫቱ 15 በመቶ እየተደራረበ ይመጣል። ከኪራዩ ጋር 23 ሺህ ብር አካባቢ ከፈልኩ። የአውቶቡሱን አልቆጠርኩም።

ይሄም ይሁን። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዕቃውን ሊያስረክበኝ የመጣው ጎልማሳ ሰውዬ «እውነት ሮቦት ይሆናል?» ብሎ ትረስትን አነሳ። «ጋሼ፣ ይቆዩ፣ እኔ ላሳይዎ» ብዬ ሳልጨርስ አፍንጫውን ወደ ኋላ ጎተተው። ቀጭ አለ። ቀይዋ ሹል አፍንጫ በእጁ ቀረች። «አይ የቻይና ዕቃ» ብሎ አስቀመጠልኝ። ይቅርታ እንኳ የለም!

ሻጩ ደግሞ ስብራት ካለ ዕቃው በደረሰ በ7 ቀን ውስጥ በፎቶ አሳውቁ ይላል። ትራኪንጉ «ደርሷል» ያለው ግን ዕቃው መጋዘን የገባ ቀን ነው። ቤቴ ገብቼ ስከፍት ሳምንቱ ካለፈ ቆይቷል። ዲርጅም ሁለት የግራ እጅ ይዞ መጥቷል፣ እሱንም የሚቀይርልኝ አጣሁ። አባቴ አንስቶ ገለባበጠና «ይሄ ደግሞ ማን ይባላል?» አለኝ። ዲርጅ አልኩት። «ደርግ?» አዎ፣ ሁለት የግራ እጅ ነው ያለው ስለው «ደርግማ ድሮም ግራ ዘመም ነበር» ብሎ ሄደ። አሁን ቤት ውስጥ ሁሉም ደርግ ነው የሚለው።

ስለዚህ አንተ እንዲህ አድርግ። አንድ ሳጥን፣ እውነተኛ ዋጋ፣ ከነደረሰኙ። ሲጠይቁህ «የፕላስቲክ መጫወቻ ነው» በል፣ ውሸት አይደለም። ከዚያ አፍህን ዝጋ። ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ የቱ አዛዥ እንደሆነ ማንም አልጠየቀህም። ሰው ሲመጣ በሻንጣው አንድ አንድ ቢይዝልህ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። እኔ ዘንድሮ ቢጫውን ሰንስቶርም ያስገባሁት እንደዚያ ነው። ሰባተኛ መሆኑ ነው። አዎ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላም ገዛሁ። በጅቡቲ በኩል አስገባልሃለሁ የሚልህ ካለ አትስማው፤ ጓደኛዬ ከፍሎ እስካሁን እየጠበቀ ነው።

4. ጸሐይ። ሐረር እንደ ድሬ አይሞቅም ትለኛለህ፣ ልክ ነህ። መስኮት ላይ ካስቀመጥከው ግን ነጩ ፕላስቲክ ይቢጫል። የኔ ራምጄት በአንድ ዓመት ጥርሱ እንደበለዘ ሰው ሆኗል። ስቲከሩም በሙቀቱ ጠርዝ ጠርዙ ይነሳል፣ ስለዚህ ቀለም የተቀባውን ምረጥ እንጂ ስቲከር የሚለጠፍበትን አትግዛ።

ከሁለቱ የቱ ይቅደም ካልክ ሰማያዊው። ጥቁር ላይ ጭረት ወዲያው ይታያል፣ እጅህ እስኪለምድ ይቆይ። እኔ አሁን ታንደርክራከርን ከጄት ወደ ሮቦት ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀይረው፣ የእህቴ ልጅ በስልክ ሰዓት ይዞልኛል።

ከሻጭህ ጋር መጻጻፍህ ስለማይቀር አንድ ነገር ላስቸግርህ። የትረስትን ቀይ አፍንጫ ብቻውን ይሸጡ እንደሆነ ጠይቅልኝ። ለእኔ መልስ መስጠት አቁመዋል።