ፕሪንተሩን የሰወረው «ክላስ ሲ» አይደለም

አዳማ ላይ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ያለው አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «14 ኮምፒውተር፣ 2 ፕሪንተርና 8 ካሜራ አለን። ጠዋት ስንገባ ብዙ ጊዜ ፕሪንተሩ አይሠራም፤ አንዳንዴ ኮምፒውተሩ የአይፒ ግጭት አለ ይላል። ዋይፋዩ ጓሮ ላለው ክፍል እንዲደርስ ብለን ሁለተኛ ራውተር ከጨመርን ወዲህ ደግሞ አንዳንዱ ኮምፒውተር ኢንተርኔትም ያጣል። አንድ ሰው ክላስ ሲ ስለሆነ ጠቧችሁ ነው፣ ሁሉንም ወደ ክላስ ቢ፣ ወደ 172.40 ቀይሩት አለን። እንቀይር? ካሜራውንስ ከቤት ሆኜ ማየት እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትቀይር። ችግርህ የቦታ ጥበት አይደለም። የላክልኝን ፎቶ አይቻለሁ፤ የአይፒ አድራሻህ (መሣሪያው ኔትወርኩ ላይ የሚለይበት ቁጥር) 192.168.1 ብሎ ይጀምራል፣ ማስኩ (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነው ቁጥር) 255.255.255.0 ነው። ይህ ማለት 254 መሣሪያ ይይዝልሃል። አንተ ያለህ 24፣ የሠራተኛውና የደንበኛው ስልክ ቢጨመር 60 ቢሆን ነው። ገና ብዙ ቦታ አለህ።

ክላስ የሚባለው ነገር የ1981 (እ.ኤ.አ.) አሠራር ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከ1 እስከ 126 ከሆነ ኤ፣ ከ128 እስከ 191 ቢ፣ ከ192 እስከ 223 ሲ ይባል ነበር። ኤ የደረሰው ድርጅት 16 ሚሊዮን አድራሻ ይወስዳል፣ ቢ 65 ሺህ፣ ሲ 254። እስቲ አስበው፤ 300 ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ሲ አይበቃውም፣ ቢ ከወሰደ ደግሞ ከ64 ሺህ በላይ አድራሻ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ያለው አድራሻ በሙሉ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ብክነቱ አስፈራ፣ በ1993 (እ.ኤ.አ.) ይህ አከፋፈል ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስፋቱን የሚወስነው ማስኩ ነው። ኮርስ ላይ ክላስ አሁንም ይሰጣል፣ ታሪኩን ማወቁም አይከፋም፣ ግን በእሱ ተመርቶ የሰው ቢሮ ማፍረስ ልክ አይደለም።

172.40 ያለህ ሰው ሌላም ስህተት ሠርቷል። ማንም ሳይጠይቅ በቤቱና በቢሮው የሚጠቀምባቸው ሦስት ክልሎች አሉ፦ በ10 የሚጀምረው በሙሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31፣ እና 192.168። እነዚህ እንደ ኮንዶሚኒየም ቤት ቁጥር ናቸው። ብሎክ 5 ቤት 12 የሌለበት ሳይት የለም፣ ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ግን ያ ብቻ ይበቃዋል። 172.40 ከዚህ ክልል ውጭ ነው። የኢንተርኔት አድራሻ ነው፣ የሌላ ሰው። ቢሮህ ውስጥ ብታደርገው ዕለቱን ምንም ላይታይህ ይችላል፤ አንድ ቀን ግን እዚያ ክልል ውስጥ ያለ ድረ ገጽ ስትከፍት ኮምፒውተርህ «ይሄማ እዚሁ ቢሮ ውስጥ ያለ ነው» ብሎ ውጭ መፈለጉን ይተዋል። ያንን ብልሽት ማግኘት ስንት ቀን እንደሚፈጅ እኔ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ትክክለኛው ችግር። ሁለት ናቸው።

አንደኛው ፕሪንተርህ ነው። አድራሻው በእጅ 192.168.1.105 ተደርጓል። ራውተርህ ደግሞ የመጨረሻ ቁጥሩ ከ100 እስከ 200 የሆነውን አድራሻ ለመጣ ሁሉ ያድላል። ማታ ፕሪንተሩን አጥፍታችሁ ትሄዳላችሁ። ጠዋት ቀድሞ የገባ ሰው ስልክ ከዋይፋዩ ጋር ሲገናኝ ራውተሩ 105ን ይፈትሻል፣ የሚመልስ የለም፣ ስለዚህ ለስልኩ ይሰጠዋል። ከዚያ ፕሪንተሩ ሲበራ 105 ነኝ ይላል። አንድ ቁጥር ሁለት ባለቤት። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ፤ ማእድ ቤት ያለው የትእዛዝ ፕሪንተር ጸጥ የሚለው አንዲት አስተናጋጅ በምትገባበት ቀን ብቻ ነበር፣ ልጅቷም በከንቱ ስትወቀስ ከርማለች። ስልኳን ከፍተን አድራሻውን ስናየው የፕሪንተሩ ቁጥር እዚያ ቁጭ ብሏል። በጣም ነው ያዘንኩት።

መፍትሔው ቀላል ነው። በእጅ የሚሰጥና ራውተሩ የሚያድለው አይቀላቀሉ። በመጨረሻው ቁጥር 1 ዋናው ራውተር፣ 2 ጓሮ ያለው ራውተር፣ 10 እና 11 ፕሪንተሮቹ፣ ከ20 ጀምሮ ካሜራዎቹና ምስላቸውን የሚያስቀምጠው መቅጃ ይሁኑ። ከ100 እስከ 200 ያለውን ለራውተሩ ተወው። ጻፈውና ራውተሩ አጠገብ ለጥፈው፤ ነገ የሚመጣው ባለሙያ በግምት እንዳይሠራ። የፕሪንተሩ ቁጥር ሲቀየር ግን ኮምፒውተሮቹ የድሮውን ይዘው ስለሚቀሩ በእያንዳንዳቸው ላይ አዲሱን ማስገባት አለብህ። ይህን ረስቶ «ባሰበት» የሚል ብዙ ነው።

ሁለተኛው ችግር የጨመራችሁት ራውተር ነው። እሱም አድራሻ ያድላል፣ ግን 192.168.0 ብሎ። ኮምፒውተር ሲበራ «አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፤ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። የጓሮው ራውተር ከቀደመ ኮምፒውተሩ መውጫ በሩ 192.168.0.1 ነው ብሎ ያምናል። እዚያ ደግሞ ኢንተርኔት የለም። ፕሪንተሩም በሌላ ሰፈር ይቀራል። ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው የሚሆነው ለዚህ ነው።

የጓሮውን ራውተር ከኔትወርኩ ንቀለውና አንድ ኮምፒውተር ብቻ በኬብል ሰካበት። በ192.168.0.1 ግባ። የራሱን አድራሻ 192.168.1.2 አድርገው። ራውተሩ ዳግም ሲነሳ ኮምፒውተሩ ካላገኘው አትደንግጥ፣ ለኮምፒውተሩ በእጅ 192.168.1.50 ስጠውና በአዲሱ ቁጥር ተመልሰህ ግባ። ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ማለትም አድራሻ ማደሉን፣ አጥፋ። ከዋናው የሚመጣውን ኬብል ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ሰካው፤ ዋን የሚለውን አትንካው። ከዚያ የኮምፒውተሩን አድራሻ ወደ አውቶማቲክ መልሰውና ሁሉንም ኮምፒውተር አጥፍተህ አብራ። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ የያዘ ካገኘህ ከራውተሩ ምንም መልስ አላገኘም ማለት ነው፤ መጀመሪያ ኬብሉን እይ።

ካሜራውን ከቤት ማየት ይቻላል፣ ግን ዋናው ራውተር ውስጥ ገብተህ ከኢንተርኔት ሰጪው የተቀበለውን አድራሻ ተመልከት። በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ አንድ እውነተኛ አድራሻ ከብዙ ደንበኛ ጋር ተጋርተሃል። የዓለም ትልቁ የአድራሻ ቋት በየካቲት 2011 (እ.ኤ.አ.) ለአምስቱ አህጉራዊ አከፋፋዮች ተሰጥቶ አልቋል፣ የእኛ አፍሪካ አፍሪኒክ ከሚባለው ነው የምትቀበለው፤ ኢንተርኔት ሰጪዎችም ያላቸውን ለማብቃቃት እንዲህ ያጋራሉ። እንደዚያ ከሆነ ከውጭ ወደ ካሜራው እንዲገባ ራውተሩ ላይ በር (ፖርት) መክፈት አይሠራልህም። መቅጃው ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ በአምራቹ መተግበሪያ ስካን አድርገህ ግባ። ከዚያ በፊት ግን መቅጃው ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል ቀይር፤ የደንበኞችህ ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ የሚታይበት ካሜራ ነው።