«የእርስዎ ባንቲ»፦ ፍቺና ልጅ በሂንዲ ልቦለድ (ጥያቄና መልስ)

በሂንዲ ልቦለድ ውስጥ የወላጆች ፍቺ በልጅ ስሜት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዴት እንደተጻፈ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልኛል። አብዛኛውን የምመልሰው በሕንዳዊቷ ደራሲ በማኑ ባንዳሪ «አፕካ ባንቲ» ላይ ተመርኩዤ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው ይህ ልቦለድ ጉዳዩን ከልጁ ወገን ሆኖ በመመልከት ረገድ ለእኔ አቻ የለውም።

ጥያቄ፦ ርዕሱ ምን ማለት ነው?

መልስ፦ «የእርስዎ ባንቲ» ማለት ነው። የሂንዲው «አፕ» ልክ እንደ እኛ «እርስዎ» የአክብሮት መጠሪያ ሲሆን፣ «የእርስዎ እገሌ» ተብሎ ደብዳቤ ይዘጋበታል። ስለዚህ ርዕሱን ሳነብ አንድ ልጅ ለአንባቢው የላከው ደብዳቤ ፊርማ ሆኖ ይታየኛል። የማን እንደሆነ የጠፋበት ልጅ «የእርስዎ ነኝ» ማለቱ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።

ጥያቄ፦ ልጁን በትክክል የሚጎዳው ምንድን ነው? ፍቺው ራሱ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ የሚመጣው?

መልስ፦ ጠያቂያችን ዋናውን ነጥብ አንስተዋል። ታሪኩ ሲጀምር አባትየው አጄይ ቀድሞውኑ ተለይቶ ካልካታ ይኖራል፤ ባንቲ ደግሞ የኮሌጅ ኃላፊ ከሆነችው እናቱ ከሻኩን ጋር፣ በአትክልት ቦታው፣ ፉፊ በምትባለው ሞግዚቱ ተረትና እንክብካቤ ተከቦ ያድጋል። አባቱ ይናፍቀዋል፤ ሆኖም የሚቆምበት መሬት አለው። መሬቱ የሚከዳው ሕጋዊው ፍቺ ካለቀና እናቱ ሚስቱ የሞተችበትን ዶክተር ጆሺን ካገባች በኋላ ነው። ፉፊ ጥላው ትሄዳለች፤ አትክልቱ ይቀራል፤ በአዲሱ ቤት የዶክተሩ ልጆች፣ ጆትና አሚ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ባለቤቶች ናቸው። ደራሲዋ «ልጁ አዘነ» ብላ አትነግረንም፤ ይልቁንም ግትርነቱን፣ በዕቃ መጣላቱን፣ ዝምታውንና እናቱ የሌላ ሰው ስትሆን በዓይኑ ሲከታተላት ታሳየናለች። ትልልቆቹ ይህን ሁሉ እንደ ጥጋብ ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን በልቦለዱ ውስጥ እጅግ ትክክለኛ ሆኖ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ የልጅ ሐዘን ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ጠባይ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ በዚህም ምክንያት ሊታቀፍ በሚገባው ሰዓት ይቆጡታል።

ጥያቄ፦ ጸሐፊዋ እናቲቱን ትወቅሳለች የሚሉ አሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ አልስማማም። ሻኩን ልጇን ባንቲን፣ አጄይን መልሶ የሚያመጣ ድልድይ፣ ካልሆነም አጄይን የሚወጋ መሣሪያ አድርጋ እንደተጠቀመችበት ልቦለዱ አይሸሽግም፤ ነገር ግን ብቸኝነቷንና እንደገና የመኖር መብቷንም በእኩል ርኅራኄ ይጽፋል። አጄይም ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት እያላቸው ልጁ መካከል ላይ መቅረቱ ነው ነገሩን ከባድ ያደረገው፤ አንዱን በዳይ አድርገን ብናነበው መጽሐፉን እናቀልለዋለን።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን በሕንድ ፍቺ ይፈቀድ ነበር?

መልስ፦ አዎን። እ.ኤ.አ. የ1955 የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ፍቺን ፈቅዷል፤ በስምምነት መፋታት ግን በሕጉ የገባው በ1976 ማሻሻያ፣ ማለትም ልቦለዱ ከወጣ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ፊልም ሆኗል?

መልስ፦ «ሰመይ ኪ ዳራ» የተባለ ፊልም ተሠርቶበታል፤ ደራሲዋ ግን ሥራዬ ተዛብቷል ብላ ከሰሰች። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1986 ደራሲ የፊልም መብቱን ከሸጠ በኋላም ሥራው እንዳይዛባ የመከላከል መብት እንዳለው ተቀብሏል። እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ለባንቲ መቆሟን ከልብ አከብረዋለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት እያየን ያደግንባቸው የሕንድ ፊልሞች የተለያየ ቤተሰብ ተገናኝቶ ያልቃሉ። ይህስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ እንደዚያ አያልቅም። ባንቲ ወደ አባቱ ወደ ካልካታ ይሄዳል፤ እዚያም አዲስ ሚስት ሚራና ሕፃን ልጅ ይጠብቁታል። አባቱ ይወደዋል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ለእርሱ የተተወ ቦታ የለም። በመጨረሻም አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገባ ይወሰናል። ልቦለዱ የሚሰናበተን ልጁ በባቡር ተሳፍሮ የአንዱም የሌላውም ቤት ወዳልሆነ ስፍራ ሲጓዝ ነው።